በቤት ውስጥ የሚቋቋም የእጅ ሥራ ክፍል፤ ምቾቱና ሒሳቡ

ለቤት አገልግሎት የሚውሉ ትንንሽ ዕቃዎች፣ ይኸውም መክተፊያ፣ ማማሰያ፣ በርጩማ፣ ረከቦት፣ የልብስ መስቀያና እነዚህን የመሳሰሉት ሁሉ፣ ፋብሪካ ሳያስፈልጋቸው በአንድ ክፍል ውስጥ በጥቂት መሣሪያ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ አያሌ ሰዎች በመኖሪያ ቤታቸው አንዱን ጓዳ፣ ወይም በግቢው ጥግ የቆመውን የቆርቆሮ ቤት የእጅ ሥራ ክፍል አድርገው ከመደበኛ ሥራቸው በተረፈው ሰዓት ይሠሩበታል። ይህ አሠራር ምቹ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ምቾቱ ከምን እንደሚመጣና በገንዘብ ሲተመን ስንት እንደሚያወጣ ጠይቆ በመዝገብ የሚጽፍ ሰው እምብዛም አይገኝም። በዚህም ምክንያት ያተረፈ መስሎት ዓመት ሙሉ ሲሠራ የከረመው ባለእጅ፣ መሣሪያው ባረጀ ጊዜ መተኪያ የሚገዛበት ገንዘብ ያጣል። ከእርሱ ይረከብ የነበረውም ነጋዴ፣ ገዢ የለመደው ዕቃ በድንገት ሲቋረጥበት ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል። እንግዲህ ምቾቱንና ሒሳቡን አንድ ላይ መመርመር ለሁለቱም የሚጠቅም ነው።

ቤትን የሥራ ቦታ ማድረግ በኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሰፈሩት፣ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች የሽመና ዕቃቸውን በመኖሪያ ቤታቸው ተክለው ሲሠሩ ኖረዋል። የሐረር ሴቶች በየቤታቸው የሚሰፉት ስፌት የቤታቸው ግድግዳ ጌጥ ከመሆኑም በላይ ለገበያ ይወጣል። መሶቡም ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋው በቤት ውስጥ፣ ከሌላ ሥራ በተረፈ ጊዜ ነው። ሆኖም የእጅ ሥራ ለብዙ ዘመን ሲናቅ የኖረ በመሆኑ፣ የባለእጅን ሰዓት በገንዘብ የመተመን ልማድ አልዳበረም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል፤ ነገር ግን ባለእጁ ራሱ የእጁን ሰዓት ዋጋ እንደሌለው ነገር መቁጠሩ ገና አልቀረም። ቀጥሎ እንደሚታየው ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የምቾቱ ምንጭ

ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ጥቅም ሲነገር በመጀመሪያ የሚነሣው የኪራይ ነገር ነው። የኪራይ መቅረት ጥቅም መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ዋናው ጥቅም እርሱ አይደለም። ዋናው ጥቅም የጊዜ ነው። በእንጨት ሥራ ውስጥ ከመሥራት ይልቅ መጠበቅ የሚያስፈልግበት ሰዓት ብዙ ነው። ኮላ የተቀቡ ሁለት ጣውላዎች በሞርሳ ታስረው እስኪደርቁ፣ ዘይት የጠጣ ዕቃ እስኪጠነክር፣ የተነከረ ልምጭ እስኪለዝብ ድረስ እጅ ሥራ ይፈታል። ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ይህን ሰዓት የሚያሳልፈው ኪራይ እየከፈለ ነው። በቤቱ የሚሠራው ግን ኮላውን አጥብቆ ራቱን ይበላል፤ ልጆቹን ያስጠናል፤ ይተኛል፤ በማግሥቱም የደረቀውን ፈትቶ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ጥቅም ቁርጥራጩ ነው። ትልልቅ የቤት ዕቃ የሚሠሩ አናጢዎች የሚጥሉት አጫጭር ጣውላ ለአልጋና ለቁም ሣጥን ባይበቃም ለማማሰያና ለመክተፊያ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ቁርጥራጭ እየለቀሙ ለማከማቸት በቤት ያለ ጥግ ምንም አያስከፍልም። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስበው፣ የጎረቤት ምስክርነት ነው። በርጩማው ሲንገዳገድ ወይም የማማሰያው እጀታ ሲያጥር ዕቃውን ቀድማ በወጥ ቤቷ የምትፈትነው የቤቲቱ እመቤት ስለሆነች፣ ጉድለቱ ገበያ ሳይደርስ ይታረማል።

ይህ ሁሉ ጥቅም ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ቦታው ቋሚ መሆኑ ነው። መሣሪያውን ከአልጋ ሥር ጎትቶ እያወጣ፣ ጠረጴዛውን እያነሣ፣ ማታ ደግሞ ሁሉን መልሶ ጠርጎ የሚተኛ ሰው ከሁለት ሰዓት የምሽት ሥራው ግማሽ ሰዓቱን በማውጣትና በማስገባት ይጨርሰዋል። ክፍሉ ጠባብ ቢሆን ግድ የለም። አንድ ጠንካራ የሥራ ጠረጴዛ ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ቢቆም፣ ሞርሳ ቢታሠርበት፣ ከበላዩም መጋዙ፣ መላጊያው፣ መሮው፣ ሞረዱና መዶሻው እያንዳንዳቸው ቅርጻቸው በእርሳስ ተሥሎ በየምስማራቸው ቢሰቀሉ ይበቃል። ቅርጹ መሣሉ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ማታ ሥራ ሲዘጋ የጎደለው መሣሪያ ወዲያው ይታወቃል፤ ሹል ብረትም ወለል ላይ ቀርቶ ሕፃን እግር አይወጋም። በአናጢ ቋንቋ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቪቴ፣ ላሜራ የሚባሉት ስሞች ሁሉ ከጣልያንኛ የተወሰዱ ናቸው። ስሙን መዋስ ጉዳት የለውም፤ መሣሪያውን ከጎረቤት እየተዋሱ መሥራት ግን ለመለመንና ለመመለስ የሚጠፋውን ጊዜ ማስላት ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም።

በመዝገብ ላይ ሲታይ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ለትምህርት እንዲመች አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመደቡ ናቸውና እያንዳንዱ ባለእጅ በየጊዜው ባለው የገበያ ዋጋ ይተካቸዋል። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ማታ ማታ በቤቱ መክተፊያ ይሠራል እንበል። አንድ ባለሱቅ 20 መክተፊያ፣ አንዱን በ260 ብር ሒሳብ አዘዘው። ለእንጨቱ 3,000 ብር፣ ለብርጭቆ ወረቀት፣ ለዘይትና ለመብራት 600 ብር አወጣ። ድምሩ 3,600 ብር ስለሆነ ለአንዱ መክተፊያ የወጣው 180 ብር ነው። ከ260 ብር 180 ሲቀነስ 80 ብር ይተርፋል፤ በ20 ሲባዛ 1,600 ብር ይሆናል። ባለእጁ ይህን 1,600 ብር ትርፍ ብሎ ደስ ይለዋል።

መዝገብ ቢይዝ ኖሮ ግን ሌላ ነገር ባየ ነበር። በመጀመሪያ 20ውን ለመጨረስ በየምሽቱ ሁለት ሁለት ሰዓት እየሠራ 8 ምሽት፣ ማለት 16 ሰዓት ፈጅቶበታል። ይህንኑ ሥራ ሌላ ሰው ቀጥሮ ቢያሠራ በሰዓት 75 ብር ይከፍል ነበር ብንል፣ የእጁ ዋጋ 1,200 ብር ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያዎቹን የገዛው በ24,000 ብር ነው። አምስት ዓመት፣ በዓመትም 200 ቀን ቢያገለግሉት በጠቅላላው 1,000 ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ መሣሪያው በየቀኑ 24 ብር ያህል ያልቃል፤ በ8 ምሽት 192 ብር። ሦስተኛ፣ ክፍሉ ቢከራይ በወር 1,500 ብር ያስገኝ ከነበረ፣ የ8 ቀን ድርሻው 400 ብር ነው። አራተኛ፣ ዕቃውን ወደ ሱቁ ለማድረስ 150 ብር ለመጓጓዣ ከፍሏል። ድምሩ 5,542 ብር መጣ። በመጨረሻም ከ20ው አንዱ መክተፊያ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ባለሱቁ ስለመለሰበት የተቀበለው የ19 ዋጋ፣ 4,940 ብር ነው። እንግዲህ 1,600 ብር አተረፍሁ ያለው ሰው በመዝገብ ላይ 602 ብር ከስሯል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ከስሯል ሲባል ከኪሱ አውጥቷል ማለት አይደለም። የእጁ ዋጋ ተብሎ ከተጻፈው 1,200 ብር ውስጥ 598 ብር ደርሶታል፤ ይህም በሰዓት 37 ብር ከ38 ሳንቲም ገደማ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሊከፍለው ከነበረው ግማሹን ለራሱ ከፈለ ማለት ነው። የክፍሉ ኪራይ ነገር ደግሞ ሊያከራክር ይችላል። ጓዳው ለማንም የማይከራይ ከሆነ 400 ብሩን ከሒሳቡ ማውጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 62 ብር ከፍ ይላል። ቢሆንም በመዝገቡ ላይ ለብቻው ተጽፎ መታየቱ ይሻላል፤ ሥራው ሰፍቶ ሱቅ የሚከራይበት ቀን የመጣ እንደ ሆነ በዚያ ወጪ መቆም ይችል ወይም አይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃልና።

ይህ መዝገብ ምንም የተለየ ዕውቀት አይጠይቅም። አንድ ባለ መስመር ደብተር፣ አንድ እርሳስና በግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት ይበቃል። ምሽቱ ሲጀመርና ሲያልቅ ሰዓቱን መጻፍ፣ የተገዛውን ከነደረሰኙ ማስፈር፣ የተበላሸውን ሳይደብቁ መመዝገብ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጨረሻው ነው፤ ሰው ያበላሸውን እንጨት ለማገዶ አውሎ መርሳት ይወዳል።

ዋጋ ሳይጨመር የሚገኝ ትርፍ

ከላይ የተጻፈው ወጪ ለ19 ሲካፈል አንዱ መክተፊያ ወደ 292 ብር ይፈጃል። ባለሱቁ ደግሞ ከ260 ብር በላይ አልሰጥም ይላል። ባለእጁ ከመከራከሩ በፊት ሁለት ነገር በራሱ ቤት ሊያስተካክል ይችላል፤ እነርሱም ሰዓቱና እንጨቱ ናቸው።

ስለ ሰዓቱ፤ ከ16ቱ ሰዓት 4ቱ፣ ማለት በየምሽቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ መሣሪያ በማውጣትና በማስገባት የጠፋ ነው። ቋሚ ቦታ ሲኖር ይህ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ብዙ ጀማሪዎች አንዱን መክተፊያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨርሰው ሁለተኛውን ይጀምራሉ። ይህ ለዓይን ደስ ያሰኛል፤ ለሰዓት ግን ጠላት ነው። የሚሻለው ከኮምፔንሳቶ የመክተፊያውን ሙሉ ቅርጽ አንድ ጊዜ አስተካክሎ ቆርጦ፣ መስቀያ ቀዳዳውን ሳይቀር ምልክት አድርጎ፣ በዚያ ቅርጽ 20ውንም ጣውላ በእርሳስ መክበብ፤ ከዚያም በመጀመሪያው ምሽት ሁሉን በመጋዝ መቁረጥ፣ በሁለተኛው ሁሉን መላግ፣ ቀጥሎ ሁሉን መብሳት፣ በመጨረሻም ሁሉን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። አንድ መሣሪያ አንድ ጊዜ ተስሎና ተስተካክሎ 20 ጊዜ ይሠራል። በዚህ አሠራር ሌላ አንድ ሰዓት ቢተርፍ ሥራው በ11 ሰዓት፣ ማለት በ6 ምሽት ያልቃል። የእጁ ዋጋ 825፣ የመሣሪያው 144፣ የክፍሉ 300 ብር ሆኖ፣ ከእንጨቱና ከመጓጓዣው ጋር 5,019 ብር ይመጣል። ለ19 ሲካፈል 264 ብር ገደማ ነው። ከ292 ወደ 264 ወርዷል፤ ግን አሁንም ከ260 በላይ ነው።

የቀረው እንጨቱ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ነገር ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በርዝመቱ ለዓይን እስከማይታይ ድረስ ጥቂት ሲሆን በወርዱ ብዙ ነው፤ በወርዱም ቢሆን የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከመኻል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ጣውላ የሚጣመመውና የሚሰነጠቀው በዚህ አለመመጣጠን ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሞላው፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በርካሽ ቢገኝም ሲደርቅ በመጣመምና በመሰንጠቅ የታወቀ ስለሆነ ለመክተፊያ አይመረጥም። ዋንዛ ለመጋዝና ለመላጊያ የተመቸ ነው፤ ወይራ ደግሞ ከባድና ጠንካራ ነው። ብዙዎቹ አገር በቀል ዛፎች በደን ሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው ስለሆኑ ሕጋዊ ወረቀት ካለው የእንጨት ነጋዴ በደረሰኝ መግዛት ይገባል።

የተገዛው ጣውላ ወዲያውኑ አይሠራም። ፀሐይ በማይመታው፣ ነፋስ ግን በሚያልፍበት ጥላ ሥር፣ በየጣውላው መካከል ስስ ስስ ዕንጨት እየተጋደመ ይከመራል። የጣውላው ሁለት ጫፍ ከሌላው ይልቅ ቶሎ ስለሚደርቅ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ስለዚህ ጫፎቹ ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም ይቀባሉ። መድረቁን ለማወቅ የቤት ሚዛን ይበቃል። ከክምሩ ሦስት ጣውላ መርጦ፣ ቁጥር ጽፎባቸው፣ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደታቸው ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀነሰ ሄዶ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ሆኖም በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ፣ በሐምሌ ደረቅ የተባለ ጣውላ በጥር እንደገና ይኮማተራል። ለበጋ ገበያ የሚሠራ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባም። በዚህ ጥንቃቄ አንድም መክተፊያ ሳይሰነጠቅ ቢቀር፣ ያው 5,019 ብር ለ20 ሲካፈል 251 ብር ይሆናል። በ260 ብር ሲሸጥ የሰዓቱን ሙሉ ዋጋ፣ የመሣሪያውን እርጅናና የክፍሉን ኪራይ ከፍሎ በእያንዳንዱ 9 ብር ያህል ይተርፈዋል። ትንሽ ነው፤ ግን እውነተኛ ትርፍ ነው።

ስለ ዘይትና ስለ ጨርቅ

ምግብ የሚነካ ዕቃ ቨርኒሽ አይቀባም፤ ቢላ ሲያርፍበት እየተላጠ ከምግብ ጋር ይቀላቀላል። ተራ የምግብ ዘይትም አብዛኛው ስለማይደርቅ ሲቆይ ይሸታል። ለዚህ የሚስማማው ለምግብ ተብሎ የተጨመቀ የተልባ ዘይት ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራልና። በቀለም መደብር የሚሸጠው የተልባ ዘይት ግን ቶሎ እንዲደርቅ የብረት ማዕድን ነክ መድኃኒት የተጨመረበት ሊሆን ስለሚችል ለመክተፊያ አይሆንም። ዘይቱ በስሱ ይቀባል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከጠጣ በኋላ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያም ዕቃው ለጥቂት ቀናት፣ እርጥበት በበዛበት ጊዜም ከዚያ በላይ ይቆያል።

ያ ዘይት የጠረገው ጨርቅ ግን ከክፍሉ ዕቃ ሁሉ ይልቅ አደገኛ ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ጨርቁ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ የተጣለ እንደ ሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እየጨመረ ይሄድና ክብሪት ሳይጫር፣ መብራት ሳይነካው ራሱ እሳት ይይዛል። የመጋዝ ብናኝ አጠገቡ ካለ ቤቱ በሌሊት ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ያንኑ ምሽት ከቤት ውጪ ሳይደራረብ ተዘርግቶ ይሰጣል፤ ወይም ውሃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከራል። ሰዎች በሚተኙበት ጣሪያ ሥር ለሚሠራ ባለእጅ ይህ ከሒሳብ መዝገቡም የሚቀድም ነው።

ነጋዴውና ባለእጁ

ባለሱቁ ዋጋ ለማስቀነስ መከራከሩ የንግድ ወግ ነው። ነገር ግን ባለእጁን ከሰዓቱ ዋጋ በታች አውርዶ መግዛት ለነጋዴውም አይበጅም። ባለእጁ ጥቂት ወራት ታግሦ ሥራውን ይተዋል፤ ባለሱቁም ለለመዱት ገዢዎች የሚያቀርበው ያጣና ሌላ ባለእጅ ከመጀመሪያ እስኪለምድ ድረስ የተበላሸ ዕቃ ይቀበላል። መዝገብ ያለው ባለእጅ ሲከራከር «አይበቃኝም» ብሎ አይቀርም፤ እንጨቱ ይህን፣ ሰዓቱ ይህን፣ መሣሪያው ይህን አወጣ ብሎ ደብተሩን ይዘረጋል። ነጋዴ ለቁጥር ጆሮ አለው፤ ቢያንስ ለእንጨቱ መግዣ ቀብድ ለመስጠት ይስማማል፤ ይህም ባለእጁን በወለድ ከመበደር ያድነዋል።

ሽያጩ የዘወትር ሥራ ከሆነ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጉዳይን በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ደረሰኝ የሚጠይቅ ገዢ ሲመጣ ለመደናገጥ አያበቃም። ከዚህ ሌላ በቃል ከሚደረገው ስምምነት ይልቅ አጭር የጽሑፍ ትእዛዝ ይሻላል። በዚያ ላይ ብዛቱ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ በሴንቲሜትር፣ የመረከቢያው ቀን፣ ቀብዱና የተሰነጠቀ ዕቃ የሚመለስበት የጊዜ ገደብ ይጻፋል። ናሙና የሚሆን አንድ መክተፊያም አስቀድሞ ተሠርቶ፣ በጀርባው ላይ ቀኑና የሁለቱ ፊርማ ተጽፎበት፣ ትእዛዙ ተሟልቶ እስኪያልቅ ድረስ በባለሱቁ ዘንድ ይቀመጣል።